ለአሮጌ ኮምፒውተር ርካሽ ግራፊክስ ካርድ እንዴት ይመረጣል?

ጥር ሲቃረብ ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ያሉ የፎቶ ቤት ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያበዛሉ፦ «ለዚህ ኮምፒውተር የሚሆነው ግራፊክስ ካርድ የትኛው ነው?» ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል፣ ቪዲዮው ይከማቻል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ዴል ወይም ኤችፒ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ኬዙን ከፍታችሁ አይታችኋል? ካርዱን የምትመርጡት እናንተ ትመስላላችሁ እንጂ የሚመርጠው ኬዙ ነው። ውስጡ ምን ያህል ቦታ አለ፣ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ስንት ዋት ይችላል፣ ሞኒተሩ በምን ገመድ ይሠራል? እነዚህ ከታወቁ የሚተርፉት ካርዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተባለው ዋጋ ነገ አይገኝም።

1. ጥፋቱ የግራፊክስ መሆኑን አረጋግጡ

ኮምፒውተሩ ለመነሳት ቡና እስኪፈላ የሚያስጠብቅ ከሆነ ችግሩ ግራፊክስ አይደለም፣ ሃርድ ዲስኩ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ግጠሙለት። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነም መጀመሪያ 8፣ ከተቻለ 16 አድርሱት። ለወርድ፣ ለኤክሴልና ለኢንተርኔት አብሮት የተሠራው ግራፊክስ ይበቃል።

ጌም ወይም ቪዲዮ ከሆነ ሥራው እየሄደ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ የሚለውን እዩ። ጂፒዩው (የግራፊክሱ ቺፕ) 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ፕሮሰሰሩ ዘና ካለ ካርድ ያስፈልጋችኋል። ፕሮሰሰሩ 100 ላይ ሆኖ ጂፒዩው ሥራ ከፈታ ግን ካርዱ ብዙም አያግዛችሁም። ሁለተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ3 ላይ ውድ ካርድ መግጠም በግሌ አልደግፍም፤ ብሩን አጠራቅማችሁ ኮምፒውተሩን ብትቀይሩት ይሻላል። ሦስተኛና አራተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ5 ከሆነ ግን ገና ይሠራል።

2. ኬዙን ክፈቱና ለኩ

ካቻቢቴና ማስመሪያ ይበቃል። መብራቱን ነቅላችሁ ጎኑን ክፈቱ፣ አቧራውን አራግፉ፣ ረጅሙን ስሎት (ካርዱ የሚሰካበትን ቦታ) ፈልጉ። ከስሎቱ ጀርባ እስከ ዲስክ መያዣው ያለውን ርዝመት ለኩ።

ጠረጴዛ ላይ የሚተኛው ቀጭን ዓይነት ከሆነ የሚገባለት ግማሽ ቁመት ያለው «ሎው ፕሮፋይል» ካርድ ብቻ ነው። ውፍረቱንም እዩ። ፋኑ ትልቅ የሆነ ካርድ የሁለት ስሎት ቦታ ይይዛል፣ ቀጭኖቹ ኬዞች ውስጥ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ወይም ሌላ ነገር ያግደዋል። ሁለት ረጅም ስሎት ካያችሁ አንዱ ቁመቱ ብቻ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ የተዘረጋው መስመር ሩቡ ብቻ ነው። የዴል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ሰማያዊው ነው።

3. ፓወር ሰፕላይ

ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይ።

ረጅሙ ስሎት ለካርዱ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ገመድ ይስባል። ባለ 6 ፒኑ ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ይጨምራል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ እነዚህ ገመዶች አብዛኛውን ጊዜ የሉም። ገመዱ ከሌለ ከ75 ዋት በላይ የሚበላ ካርድ አይገዛም፣ አለቀ።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ቀጭኑ 240 ዋት፣ ቆሞ የሚቀመጠው 275 ዋት ነው። 9020 ላይ 255 እና 290 ነው። ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ይደነግጣል፣ ግን አትናቁት። ዋናው ነገር የ12 ቮልቱ መስመር ነው። እዚያ የተጻፈውን አምፒር በ12 አባዙት። ለምሳሌ 16 አምፒር ካለ 192 ዋት ይሆናል። ኮር አይ5 3470 ፕሮሰሰር የተመደበለት 77 ዋት ነው፤ ካርዱ 75 ቢበላ ድምሩ 152 ነው። ለዲስኩና ለፋኑ ይተርፋል ማለት ነው።

«500 ዋት» የሚል የተለጠፈበት፣ በእጅ ሲያነሱት ግን ባዶ ካርቶን የሚመስል ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ ሱቅ ውስጥ ሞልቷል። እኔ ከእሱ ይልቅ የዴሉን አሮጌ 240 አምናለሁ። ደግሞም ልቀይር ብትሉ እንኳ ብዙ የዴልና የኤችፒ ማዘርቦርዶች (ሁሉም ዕቃ የሚሰካባቸው ዋና ቦርዶች) የራሳቸው ልዩ መሰኪያ አላቸው። 9020 እንደ ተለመደው ባለ 24 ፒን አይደለም፣ ባለ 8 ፒን ነው። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት መሰኪያውን ፎቶ አንሱት።

አሁን ከሳታ፣ ማለትም ከዲስክ የኃይል መሰኪያ፣ ወደ ባለ 6 ፒን ስለሚቀይረው ገመድ። ሻጩ «ባለ 6 ፒን የለህም? ችግር የለም ወንድሜ፣ በሳታ መቀየሪያ ይሠራል» ይላል። እውነት ነው፣ ይሠራል፤ ለጊዜው። ባህር ዳር ያለ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ እንዲህ ተብሎ ገጥሞ ነበር። ኮምፒውተሩ ሬንደር (ቪዲዮውን አቀናብሮ ማውጣት) መሀል ላይ እየጠፋ ሲያስቸግረው ይዞት መጣ። ስከፍተው ቢጫዋ ሽቦ የምትገባበት ጥቁር ፕላስቲክ ቀልጦ ከመሰኪያው ጋር አንድ ሆኗል። ስነቅለው ፒኑ ፕላስቲኩ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው፤ የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መሸከም የሚችለው 4.5 አምፒር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። ባለ 6 ፒኑ ግን 75 ሊጠይቀው ይችላል። ልጁ ዕድለኛ ነበር፣ ፉትጁ (የተቀረጸው ቪዲዮ) ያለበት ዲስክ አልተነካም።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልበል። ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ዲቫይደር ኃይል ማከፋፈያ እንጂ መከላከያ አይደለም። መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስ እስኪረጋ ጠብቁ። ዩፒኤስ ካላችሁ ደግሞ የካርዱ ዋት እንደሚጨመርበት አትርሱ። ትንሿ ዩፒኤስ ኮምፒውተሩን ብቻ በጭንቅ ትይዝ ከነበረ ካርድ ሲጨመር ትጮሃለች።

4. እንግዲህ የትኛው?

ቆሞ የሚቀመጥ ሰፊ ኬዝ ካላችሁ የእኔ ምርጫ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 4 ጊጋ ያለው፣ 75 ዋት የሚበላ ካርድ ነው። ግን ስሙን ብቻ አትመኑ፤ ባለ 6 ፒን መሰኪያ ያለው 1650 ብዙ ነው። ካርዱን አገላብጣችሁ ጫፉን እዩ። 1050 ቲአይም እንዲሁ ነው፤ ያለ መሰኪያም ባለ መሰኪያም ይገኛል።

1050 ቲአይ (እ.ኤ.አ. 2016) ርካሽ ከተገኘ ዛሬም ጥሩ ነው። 750 ቲአይ (እ.ኤ.አ. 2014) 60 ዋት ብቻ ይበላል፣ ለቀላል ጌም ይሆናል። ኤንቪዲያ ግን ለሁለቱም አዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያሠራ ሶፍትዌር) ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል። እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 2028 የሚወጣው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ይህን ለሻጩ ንገሩትና ዋጋ አስቀንሱ።

ቀጭን ኬዝ ከሆነ ጌም ካርድ ከመፈለግ የኤንቪዲያን የባለሙያ ካርዶች እዩ። ኳድሮ ፒ620 እና ፒ1000፣ ወይም ቲ600 እና ቲ1000 አንድ ስሎት ብቻ የሚይዙ፣ ግማሽ ቁመት ያላቸው፣ ገመድ የማይፈልጉ ናቸው። ፒ1000 4 ጊጋ ኖሮት 47 ዋት ብቻ ነው የሚበላው። ብዙ ሰው «የጌም አይደለም» ብሎ ስለሚያልፋቸው አንዳንዴ በደህና ዋጋ ይገኛሉ። መውጫቸው ሚኒ ዲስፕሌይፖርት ስለሆነ መቀየሪያውን አብራችሁ ግዙ፤ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

የሰርግ ቪዲዮ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤክስፖርት (ያለቀውን ቪዲዮ ወደ ፋይል ማውጣት) የሚያፈጥነው ካርዱ ውስጥ ያለው የቪዲዮ ኢንኮደር ነው። ጂቲ 1030 ይህ የለውም። የኤኤምዲው አርኤክስ 6400ም የለውም። ሁለቱም «አዲስ ናቸው» ተብለው ለአርታኢዎች ይሸጣሉ፣ ኤክስፖርት ላይ ግን ብዙም አይረዷችሁም። ከጂቲ 1030 በቀር ከላይ የጠራኋቸው የኤንቪዲያ ካርዶች ሁሉ ኢንኮደር አላቸው።

ጂቲ 710ን ጨርሶ ተዉት። ሁለተኛ ሞኒተር ለመሰካት ካልሆነ ከፕሮሰሰሩ ግራፊክስ እምብዛም አይሻልም። ኢንቴል አርክም ለእኛ ኮምፒውተር አይሆንም፤ አሮጌ ማዘርቦርዶች የሌላቸውን ሪሳይዘብል ባር የሚባል ነገር ይፈልጋል። አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው 70 ዋት ብቻ ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን አሮጌው ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር) ላይ ምስል ላይመጣ ይችላል፣ ፕሮሰሰሩም ያስረዋል።

5. ስሙ አንድ፣ ውስጡ ሌላ

ፎርጅድ ካርድ አለ፣ ብዙም ነው። ጂቲኤስ 450 ወይም 550 ቲአይ የሚባሉ በጣም ያረጁ ካርዶች ሶፍትዌራቸው ተቀይሮ «1050 ቲአይ 4 ጊጋ» ይባላሉ። ዊንዶውስም ተታሎ ያንኑ ስም ያሳያል። መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። 1050 ቲአይ በተፈጥሮው የቪጂኤ መውጫ የለውም። ሰማያዊ ቪጂኤ ያለው «1050 ቲአይ» ካያችሁ ኪሳችሁን ያዙ። ከዚያ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ያለው ቅጂ ብዙ የተቀየሩ ካርዶችን ለይቶ ከስማቸው ፊት ፌክ ብሎ ይጽፍባቸዋል።

ፎርጅድ ሳይሆን በሕጋዊ ስም የሚያታልልም አለ። ጂቲ 1030 በሁለት ዓይነት ሜሞሪ፣ በጂዲዲአር5 እና በዲዲአር4 ይመጣል። ዲዲአር4 ላይ የሜሞሪው ፍጥነት በሰከንድ 48 ጊጋባይት ከነበረው ወደ 17 ገደማ ይወርዳል፣ ጌም ላይም ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ካርቶኑ ላይ ስሙ ያው ነው፤ ትንሹን ጽሑፍ አንብቡ። ጂቲ 730ም እንዲሁ በአንድ ስም ሦስት ዓይነት ካርድ ነው። አርኤክስ 580 ደግሞ «2048ኤስፒ» የሚል ካለበት በተግባር 570 ነው። እንዲያውም ሁለቱም ብዙ ዋት ስለሚፈልጉ ለእነዚህ ኬዞች አይሆኑም።

ካርዱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚላክላችሁ ከሆነ ብር ከመላካችሁ በፊት ቪዲዮ ጠይቁ። ካርዱ ተገጥሞ፣ ጂፒዩ-ዚ ተከፍቶ፣ የዕለቱ ቀን ስክሪኑ ላይ እየታየ። ፎቶ አይበቃም። አስተሻሸጉንም ንገሩት፤ የዓባይ በረሃን ወርዶ እስኪወጣ ድረስ ፌስታል ውስጥ የተጣለ ካርድ ፋኑ ተሰብሮ ይደርሳል። የመመለሻ ቀን ካለውም በቴሌግራም አጽፉት።

6. መግጠምና መሞከር

አሮጌውን ድራይቨር አጥፉ፣ ንቀሉ፣ ብረት ነክታችሁ ካርዱን እስኪቆልፍ ተጫኑ፣ ብሎኑን እሰሩ። የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ሰኩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ «ካርዱ አልሠራም» ብሎ የሚደውል ሁልጊዜ አለ። ሞኒተራችሁ ቪጂኤ ብቻ ካለው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረውን ግዙ፤ ውስጡ ቺፕ ያለው መሆን አለበት። ምስል ካልመጣ ባዮሱን ወደ አዲሱ አሻሽሉ፣ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት።

ድራይቨሩ ከግማሽ ጊጋ በላይ ስለሆነ ጥሩ ኔት ያለበት ቦታ አስቀድማችሁ በፍላሽ አውርዱ። ከዚያ ፋርማርክ የሚባለውን ካርድ መፈተሻ ፕሮግራም ለሩብ ሰዓት ያህል አስኬዱና ሙቀቱን ተከታተሉ። 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ከረጋ ደህና ነው። ወደ 90 እየተጠጋ ከሄደ ወይም ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከታየ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ መልሱት። ደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ የተሞከረ ካርድ ባህር ዳር ሲገባ ጥቂት ዲግሪ እንደሚጨምር አስቡ።

ሎው ፕሮፋይል ካርድ ከገዛችሁ ከካርቶኑ ጋር ረጅምና አጭር የብረት ማሰሪያ ይመጣል። ያልተጠቀማችሁበትን አትጣሉ፤ ካርቶኑ ውስጥ በላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡት። ያለ እሱ ካርዱን ሰፊ ኬዝ ላለው ሰው መሸጥ ይከብዳችኋል።