ትንሽ ገመድ አልባ ኪቦርድ ለአማርኛ ጸሐፊ፦ መጀመሪያ የቀኙን ሺፍት እዩ

ሥራዬ ትርጉም ነው። ቀኑን ሙሉ አማርኛ እጽፋለሁ፤ ውል፣ የሥልጠና ሰነድ፣ የመሣሪያ መመሪያ። አዲስ አበባ ውስጥ አንዴ ቤት፣ አንዴ ደንበኛ ቢሮ፣ አንዴ ካፌ ስለምሠራ ትንሽ ብሉቱዝ ኪቦርድ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ያየ ሰው ሁሉ «እኔም ልግዛ ወይ?» ይለኛል። ግዙ እላለሁ፤ ግን በአማርኛ ሚዛን መዝናችሁ ግዙ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር አብዛኛው በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተዘጋጀ ነው። ለእሱ ከቁም ነገር የማይገባ ጉድለት የእኛን ሥራ ግማሽ ቀን ያጓትተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኞቻችን አማርኛ የምንጽፈው በድምፅ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ተነባቢ ነክተን አናባቢውን እናስከትላለን። በዚህ አጻጻፍ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ዠ እና ኘ የሚወጡት ሺፍት ተይዞ ቲ፣ ሲ፣ ኤስ፣ ዜድ እና ኤን ሲነኩ ነው። ቤ፣ ሴ፣ ሜ የሚሉት ኃምሶች ደግሞ ሺፍት ከኢ ጋር ይፈልጋሉ። አሁን ኪቦርዱን ተመልከቱ። ከኤን በቀር ሁሉም በግራ እጅ በኩል ያሉ ቁልፎች ናቸው። በአሥር ጣት የሚጽፍ ሰው በግራ እጁ ፊደል ሲነካ ሺፍቱን የሚይዘው በቀኝ ትንሽ ጣቱ ነው። ስለዚህ አማርኛ ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ የሚደገፈው የቀኙን ሺፍት ነው።

ትንሽ ኪቦርድ የሚሠሩ ኩባንያዎች ቦታ ሲጠባቸው ብዙ ጊዜ የሚቆርጡት ደግሞ ይህንኑ ቁልፍ ነው። የላይ ቀስቱን ከጎኑ ለመሸጎጥ ሲሉ ሺፍቱን የአንድ ፊደል ቁልፍ ያህል ያሳጥሩታል። እንዲህ ባለ ኪቦርድ ላይ ጠ ልትሉ ስትሉ ትንሿ ጣት ቀስቱን ትነካለች፤ ጠቋሚው ወደ ላይኛው መስመር ይዘላል፤ ቲው ሺፍት ስላላገኘ ት ሆኖ በሰው ዓረፍተ ነገር መሀል ይተከላል። ውል ላይ ይህ ሲገባ ቶሎ አይታይም፤ የሚታየው ከተፈረመ በኋላ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ኪቦርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና «ጤና ይስጥልኝ» ብላችሁ ጻፉበት። ከምንም ጋር ባይገናኝም ግድ የለም፣ የምትፈትኑት ጣታችሁን ነው። ይህች ሰላምታ ሺፍት ተይዞ አራት ጊዜ ቁልፍ ይነካባታል፦ ለ«ጤ» ቲ እና ኢ፣ ለ«ጥ» ቲ፣ ለ«ኝ» ኤን። ሦስቱን በቀኝ ሺፍት፣ የመጨረሻውን በግራው ትጽፋላችሁ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ደጋግሙት። ትንሿ ጣት ሺፍቱን ሳትፈልግ ካገኘችው ኪቦርዱ ለአማርኛ ይሆናል። እየዳበሰች ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ሻጩ «ትለምደዋለህ» ይላል፤ የቁልፎቹን ድምፅና ቅርበት ይለምዱታል፣ ቦታው ላይ የሌለ ቁልፍ ግን አይለመድም።

ቀጥሎ ሥርዓተ ነጥቡን እዩ። ኪይማን በተባለው በነጻ የሚገኝ የመጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ ባለው፣ ጂኤፍኤፍ በሚባለው የአማርኛ አጻጻፍ አራት ነጥብ የሚወጣው ኮለን ሁለቴ ሲነካ ነው፤ አንዴ ከሆነ ሁለት ነጥብ ብቻ ይወጣል። ኮማ ነጠላ ሰረዝ ነው፣ ሴሚኮለን ድርብ ሰረዝ። የእነዚህ ምልክቶች ቁልፎች ቦታቸውና መጠናቸው ካልተነካ ደህና ነው። በጣም ባነሱት፣ 61 ቁልፍ ብቻ ባላቸው ኪቦርዶች ላይ ግን የማዕዘኑ ቁልፍ ለእስኬፕ ይሰጥና እዚያ የነበረው ምልክት ኤፍኤን (Fn) በሚባለው ቁልፍ ስር ይደበቃል፤ ቀስቶቹም እንደዚሁ። ሙሉው ኪቦርድ ብዙ ጊዜ 104 ቁልፍ አለው፤ የጎን ቁጥሩ የወጣለት 87። ለጽሑፍ ሥራ ቀስቶቹ ለብቻቸው የሌሉበትን አልመክርም። ስታርሙ የምትውሉት በቀስቶቹ ነውና።

ጥቅሙ

ትልቁ ጥቅም ከትከሻ ይጀምራል። ሙሉ ኪቦርድ ወርዱ 44 ወይም 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ እኔ የምጠቀምበት ሎጊቴክ ኬ380 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በቀኝ በኩል የቁጥር ክፍል ስለሌለው ማውሱ ወደ ሰውነት ይጠጋል፤ ክንድ ወደ ውጭ ተዘርግቶ አይውልም። ረጅም ሰነድ ስታርሙ፣ እጅ ከኪቦርድ ወደ ማውስ ሲመላለስ በሚውልበት ቀን፣ ልዩነቱ ማታ ትከሻ ላይ ይታወቃል። ላፕቶፑንም በመጽሐፍ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ስክሪኑን ከዓይናችሁ ፊት ማድረግ ትችላላችሁ፤ አንገት ተደፍቶ አይውልም።

ሌላው፣ እንዲህ ያሉት ኪቦርዶች ሦስት ዕቃ ያስታውሳሉ። በእኔው ላይ 1 ላፕቶፔ ነው፣ 2 ስልኬ፣ 3 ደንበኛ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር። ደንበኛ በቴሌግራም ሲጽፍልኝ 2ን ነክቼ እመልስለታለሁ፣ 1ን ነክቼ ወደ ሰነዴ እመለሳለሁ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። የላፕቶፔ ባትሪ አርጅቷል፤ ሲዘጋ ስልኬን ከብርጭቆ ጋር አስደግፌ ኪቦርዱን ከፊቱ አደርግና ሥራዬን እቀጥላለሁ። አንድ ገጽ አማርኛ በአውራ ጣት መጻፍና በአሥር ጣት መጻፍ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፦ ስክሪን ላይ ስትነኩት አማርኛ የሚጽፍላችሁ አፕ ሁሉ በውጭ ኪቦርድም አማርኛ ይጽፋል ማለት አይደለም። ኪቦርዱ ተገናኝቶ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት የምትጠቀሙበትን አፕ ከፍታችሁ ሱቁ ውስጥ አንድ መስመር አማርኛ ጻፉ።

አገናኙ

ኪቦርዱን አብሩ። ከ1 እስከ 3 ካሉት ቁልፎች አንዱን መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም እስኪል ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ስልኩ ወይም ላፕቶፑ ላይ ብሉቱዝ ከፍታችሁ ስሙ ሲመጣ ምረጡት። ስክሪኑ ላይ የቁጥር ኮድ ከወጣ ብዙ ሰው እዚህ ይቆማል፤ ቁጥሩን ስልኩ ላይ የሚጽፍበት ቦታ ሲፈልግ ጊዜው ያልፍበታል። ቁጥሩ የሚጻፈው በአዲሱ ኪቦርድ ላይ ነው፤ ጽፋችሁ ኢንተር ንኩ። ስልክ ከሆነ ወዲያው የስክሪኑ ኪቦርድ ሊጠፋ ይችላል፤ ብሉቱዙን ስታጠፉት ይመለሳል። ዊንዶውስ ላይ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመቀየር የዊንዶውስ ቁልፉን ይዛችሁ ስፔስ ንኩ።

የምታጡት

ሂሳብ ለሚሠራ ሰው ይህን ኪቦርድ ዋና መሣሪያ አድርጎ እንዲገዛ አልመክርም። ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ደረሰኝ ስታስገባ የምትውል ሠራተኛ የጎን ቁጥሩን ሳታይ ነው የምትመታው፤ ያንን ወስዶ ከላይ ባለው መስመር ቁጥር እንድትለቅም ማድረግ ሥራዋን መቀማት ነው። ለብቻው የሚሸጥ የቁጥር ኪቦርድ አለ፤ እሱ ከተጨመረ ግን ሙሉውን ኪቦርድ መግዛቱ ይሻላል።

ሆም፣ ኤንድ፣ ፔጅ አፕና ፔጅ ዳውን ለብቻቸው አይኖሩም። ኬ380 ላይ ኤፍኤን ተይዞ በቀስቶች ይሠራሉ፤ የግራ ቀስት ሆም፣ የቀኙ ኤንድ ነው። የላይና የታች ቀስቶቹም ግማሽ ቁመት ያላቸው ስለሆኑ መጀመሪያ ላይ ጣት ያምታታሉ። የቀኝ ሺፍቱ ግን ሰፊ ነው፤ እኔ የመረጥኩት በዚህ ነው። መብራት ከቁልፎቹ ስር የለውም፤ በጨለማ የምትጽፉ ከሆነ ይህንንም አስቡ።

ገመድ አልባ ኪቦርድ ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛል። ጥቂት አርፋችሁ ስትመለሱ የመጀመሪያዋ ፊደል ልትጠፋ ትችላለች። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ጎደለ ማለት ነው፤ በእኛ ግን ተነባቢው ሲጠፋ አናባቢው ለብቻው ይቆማል፤ «ቤት» ልትሉ «ኤት» ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ካረፋችሁ በኋላ መጀመሪያ ሺፍትን ነክታችሁ አንቁት፣ ከዚያ ጻፉ። ሺፍት ለብቻው ምንም አይጽፍም።

ቁልፍ ሲደጋገምም እንዲሁ ነው። በጂኤፍኤፍ ኤስ ሁለቴ ከተነካ ስ ቀርቶ ሥ ይወጣል። ጽሑፋችሁ ውስጥ ያላሰባችሁት ሠ ከበዛ ችግሩ ከእናንተ ሳይሆን ከቁልፉ ወይም ከግንኙነቱ ሊሆን ይችላል። በዩኤስቢ ሪሲቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ በምትሰካ ትንሽ መቀበያ፣ የሚሠራ ኪቦርድ ከሆነ ሪሲቨሩ የት እንደተሰካ እዩ። ሪሲቨሩ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ነው የሚሠራው፤ የዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ጎኑ ሲሰካ በዚያው ሞገድ አካባቢ የራዲዮ ረብሻ ይረጫልና ፊደል ይዘላል ወይም ይዘገያል። አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ገዝታችሁ ሪሲቨሩን ከሃርድ ዲስኩ አርቁት።

ብሉቱዝ ወይስ ሪሲቨር ለሚለው፣ ስልክም ላፕቶፕም ለምትጠቀሙ ብሉቱዝ ይሻላል፤ የዩኤስቢውን ቀዳዳም አይሻማም። አሮጌ ዴስክቶፕ ግን ብዙ ጊዜ ብሉቱዝ የለውም። ኮምፒውተር ራሳችሁ ፎርማት የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ የገመዱን ኪቦርድ አትጣሉ፤ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ለመግባት የብሉቱዝ ኪቦርድ በአብዛኛው አይሠራም፣ ሪሲቨር ያለው ግን ይሠራል።

ርካሽ የሆነና ስሙ የማይታወቅ ባለ ሪሲቨር ኪቦርድ ላይ የባንክ የይለፍ ቃል አትጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባስቲል የተባለ የአሜሪካ የደህንነት ኩባንያ ብሉቱዝ ያልሆኑ በርካታ ርካሽ ገመድ አልባ ኪቦርዶች የሚጻፈውን ሁሉ ሳይመሰጥሩ በአየር እንደሚለቁ አሳይቷል፤ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው መቀበያ ካለው ያነበዋል። ካፌ ውስጥ ስትሆኑ የይለፍ ቃሉን በላፕቶፑ በራሱ ቁልፎች ጻፉ።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ኬ380 የሚሠራው በሁለት ትናንሽ የሪሞት ባትሪ ነው፤ አምራቹ እስከ 2 ዓመት ይቆያል ይላል። በቻርጅ የሚሠራው ባትሪ መግዛት አያስፈልገውም፤ ነገር ግን መብራት በሄደበት ቀን ከስልክና ከላፕቶፕ ቀጥሎ ቻርጅ የሚጠይቅ ሦስተኛ ዕቃ ይሆናል። የሪሞት ባትሪ በየሰፈሩ ሱቅ ስላለ እኔ ለእሱ አደላለሁ። ጥሩ ባትሪ ግዙ፤ ርካሹ ውስጥ ቆይቶ ያፈስና ማገናኛውን ይበላዋል። ኪቦርዱን ለወራት የማትነኩት ከሆነ ባትሪውን አውጡ።

ወደ ቦርሳ ስትከቱት ከጎኑ ያለውን ማጥፊያ አጥፉ። ካልጠፋ ቁልፎቹ ቦርሳ ውስጥ እየተጫኑ ስልካችሁ ላይ ይጽፋሉ፤ ስክሪኑ ላይ ከደንበኛ ጋር የምትጻጻፉበት ገጽ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ የተጻፈው ሁሉ ለእሱ ሊላክ ይችላል።