ሲጋር ከመለኮሱ በፊት በጣት ይመረመራል

አዳማ ሆቴል ባር ውስጥ ነው የምሠራው። ስብሰባ በበዛ ሰሞን ከውጭ ሲጋር ይዞ የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም። አንዳንዱ ሁለቴ ስቦ "ይመራል፣ አይረባም" ብሎ ይጥለዋል። ዋጋውን ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ምሬቱ ግን ብዙ ጊዜ የትምባሆ ቅጠሉ ጥፋት አይደለም። ከአጠቃለሉ፣ ከድርቀት ወይም ከችኮላ የመጣ ነው። ስለዚህ እኔ ጣዕሙን ከመፍረዴ በፊት አሠራሩን አያለሁ።

በእጅ የተጠቀለለ ሲጋር ሦስት ክፍል አለው። ውስጡን የሚሞላው ቅጠል፣ እሱን አጥብቆ የሚይዘው ማሰሪያ ቅጠል፣ ከላይ ደግሞ የምናየው ሽፋን። በሁለት ጣት ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ጥሩ ሲጋር ትንሽ ገባ ብሎ ይመለሳል፤ ዳር እስከ ዳር እኩል ነው። አንድ ቦታ ላይ ጣታችሁ ስምጥ ካለ እዚያ ጋ ቅጠል አንሶታል። እሳቱ እዚያ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ጭሱ ይሞቃል፣ አፍ ይመራል። ጠጠር ያለ ጉብታ ካለው ደግሞ ጭስ አያሳልፍም፤ ጉንጫችሁ እስኪሰረጎድ ብትስቡ ዋጋ የለውም። ሽፋኑ ላይ ስስ ወዝ ይታያል። ስትጫኑት ኮሽ ኮሽ ካለ ደርቋል።

የአዳማ ጣጣ ይሄ ድርቀት ነው። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፤ የኛ አየር ደግሞ በበጋ የሰው ከንፈር እንኳ ይሰነጥቃል። መኪና ውስጥ አታሳድሩት። ፍሪጅም አይሆንም፤ ያደርቀዋል፣ የሽንኩርት ሽታም ያስይዘዋል። ጥብቅ ብሎ የሚከደን ዕቃ ውስጥ ከእርጥበት መቆጣጠሪያ ከረጢት ጋር አስቀምጡት። የደረቀ ላይ ውሃ መርጨት የለም፤ ሽፋኑ አብጦ ይፈነዳል።

ስትቆርጡ ከተዘጋው ጫፍ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል። ጠልቃችሁ ከቆረጣችሁ ሽፋኑ ይተረተራል። ከዚያ ሳትለኩሱ አንዴ ሳቡት። አየሩ ትንሽ ታግሎ መምጣት አለበት። የድርቆሽ ወይም የዘቢብ ጣዕም ቢሰማችሁ ጥሩ ጅምር ነው።

የቤንዚን ላይተር ሽታው ስለሚቀር ተዉት። በክብሪት ከሆነ ድኙ ነዶ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ጫፉን ከነበልባሉ ከፍ አድርጋችሁ እያዞራችሁ አሙቁት። አንዱ ጎን ቀድሞ ቢነድ ቶሎ አትፍረዱ። ከተማችን ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም! ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡና ሲጋሩን አዙሩት። ራሱን ካስተካከለ አጠቃለሉ ደህና ነው። ነፋስ በሌለበትም እየተንጋደደ ከነደደ ግን ጥፋቱ የጠቅላዩ ነው። ረጅም ቅጠል የተሞላ ሲጋር አመዱ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ድረስ ይቆማል፤ በብጥስጣሽ የተሞላው ሸሚዝ ላይ ይረግፋል። የአመዱ ንጣት ግን ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ ከአፈሩ ማዕድን ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ወደ ጣዕሙ። በደቂቃ አንዴ ብቻ ሳቡ፣ ጭሱን አፍ ውስጥ ያዝ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ አይዋጥም። ከሱ ትንሽ በአፍንጫ ስታወጡ ነው ዋናው ነገር የሚገለጠው። እኔ መጀመሪያ ላይ ቁንዶ በርበሬ፣ መሐል ላይ የተቆላ ቡና፣ ወደ መጨረሻው መራራ ኮኮዋ አገኛለሁ። እናንተ ሱፍ ወይም እርጥብ አፈር ከሸተታችሁ እሱኑ በሉ፤ የካታሎግ ቃል መድገም አያስፈልግም። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ ለኔ ውድ ዋጋ አይገባውም። የአሞኒያ ሽታ አፍንጫ ከወጋ ቅጠሉ ገና አልበሰለም፤ ቀሪዎቹን ለወራት አቆዩአቸው።

ጥቁር ሽፋን ያለው ሁሉ ኃይለኛ ነው የሚባለው ወሬ ነው። ጥቁረቱ በአብዛኛው ከረጅም ብስለት ይመጣል። ኃይሉ ከተክሉ አናት ከሚለቀመው፣ ሊጄሮ ከሚባለው ቅጠል ነው። የመስታወት ክዳን ባለው ሳጥን "የኩባ ኮሂባ" የሚባለውን ታዋቂ ሲጋር የሚሸጥላችሁ ካለ ደግሞ አመስግናችሁ እለፉት፤ ፎርጅድ ነው።

ባር ውስጥ ግን አትለኩሱብኝ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቤት ውስጥ ክልክል ነው፣ በረንዳም ቢሆን ከበርና ከመስኮት አሥር ሜትር ራቁ። ጭሱን ባትውጡትም ኒኮቲኑ በአፍ ይገባል፤ ለጤና ደህና የሆነ ሲጋር የለም። በባዶ ሆድ አትጀምሩ። ራሳችሁን ካዞራችሁ አስቀምጡትና ስኳር ያለው ነገር ጠጡ። መርገጥ አያስፈልግም፣ መሳብ ካቆማችሁ ራሱ ይጠፋል።