ኢንተርን ሆናችሁ ስትገቡ እንዳትሠሯቸው የምለምናችሁ ስህተቶች (እኔ አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ)

ሐምሌ 22 ከሰዓት በኋላ ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን የሚያርፍበት ሕንፃ፣ ስድስተኛ ፎቅ። ባለቤቱ ጠራኝና «ወንድሜ፣ ለጊዜው ሥራ ቀዝቅዟል፣ ስንፈልግህ እንደውልልሃለን» አለኝ። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ከቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ አስወጥተውኛል።

የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ስለሚዘጋ የዓመቱን ቫውቸር (የክፍያ ሰነድ) ስፈልግ፣ ሳያይዝ፣ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ሳስገባ ከርሜያለሁ። ሒሳቡ ተዘጋ፣ እኔም አብሬ ተዘጋሁ።

ትንሽ ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል የሚባል ነገር የለም። ባለቤቱ ራሱ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ እህቱ ገንዘብ ያዥ ናት፣ የሚያሰናብታችሁም የዚያን ቀን ስሜቱ ነው። ጥፋቱ የእነሱ ነው፣ ይሄ ይሰመርበት። እኛ ግን በሩን ወለል አድርገን የምንተውላቸው ነገር አለ። የምጽፈው ስለሱ ነው።

1. «ደብዳቤው ይደርሳል» ብሎ መጀመር

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። መቼ ጀመርክ ስትባሉ የምታሳዩት ወረቀት ከሌላችሁ የቀረው ሁሉ አየር ላይ ነው።

ተማሪ ከሆናችሁ ከዩኒቨርሲቲው የተጻፈውን የትብብር ደብዳቤ ስታስገቡ ኮፒው ላይ የተቀባዩን ስም፣ ቀንና ፊርማ አስቀምጡ። ተመርቃችሁ የገባችሁ ከሆነ ግን ስለ እናንተ የሚጽፍ ተቋም የለም፣ ራሳችሁ መጠየቅ አለባችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የያዘ፣ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው።

እኔ ለመጠየቅ አፈርኩ። ገና በመጀመሪያው ቀን ስለ ወረቀት ሳወራ አስቸጋሪ ሰው እንዳልመስል ብዬ። አሁን ቢሆን ማታ ቤት ገብቼ እንዲህ ብዬ መልእክት እልክለት ነበር፦ «ጋሼ፣ እንደተነጋገርነው ዛሬ የካቲት 10 ሥራ ጀምሬያለሁ። ሰዓቴ ከ2፡30 እስከ 11፡30፣ ቅዳሜ እስከ 6፡00፣ ክፍያው በወር 3,000 ብር ነው። የተሳሳትኩት ካለ ይንገሩኝ።» አብዛኛው ሰው አውራ ጣት ልኮ ያልፋል። እሱም ይበቃችኋል፣ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት ማስረጃ ነው።

2. «ኢንተርን» የሚለውን ስም እንዳለ መዋጥ

ቴምፖዬን (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) ከያዝኩ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ሙሉ ቀን እሠራለሁ፣ የሚያዙኝ እነሱ ናቸው፣ በየወሩ ብር ይሰጠኛል። ብሩ «የትራንስፖርት» ይባላል። አዋጁ የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት ሲስማማ ነው፣ ስለዚህ ወንበራችሁ ላይ የተለጠፈው ስም ብቻውን ነገሩን አይቆርጠውም።

«ሙከራ ላይ ነህ» የሚባለውም እንደዚያው ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ብትገቡ አሥር ሳምንት ማለት ነው። በእሱ ውስጥ ለሥራው አልሆናችሁም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታችሁ ይችላል፣ ይሄ መብቱ ነው። ሙከራውን ጨርሳችሁ ዓመት ካልሞላችሁ ግን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ አለ። እኔን በአምስተኛው ወር «ያው ሙከራ ላይ ነበርክ» ሲለኝ አንገቴን ነቀነቅኩለት። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ የራሴ ንቅነቃ ነው።

ገና ተማሪ ሆናችሁ ለትምህርታችሁ የተላካችሁ ከሆነ ደግሞ ይሄ አዋጅ ብዙ አያግዛችሁም። የእናንተ ጉልበት ያለው አድቫይዘራችሁ ጋር ነው። ቫውቸር እንድትሠሩ ተልካችሁ ሻይ ስታመላልሱ ከከረማችሁ በሁለተኛው ሳምንት ንገሩት፣ የኢቫሉዌሽን ፎርም የሚሞላበት ሰሞን አትጠብቁ።

3. ኦሪጅናል ዲግሪ ማስረከብ

«ፋይልህ ውስጥ ይቀመጥ» ይላሉ። አይቀመጥም። አሳይታችሁ፣ ኮፒ ሰጥታችሁ፣ ይዛችሁ ውጡ።

4. «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን»

ይሄን ስትሰሙ ቦርሳችሁን ጠበቅ። ጀማሪ ቢላላክ ነውር የለውም፣ እኔም የባለቤቱን ልጆች ከትምህርት ቤት አምጥቼ አውቃለሁ፣ ልጆቹ እንዲያውም ከአባታቸው ይሻላሉ። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለውን ሕግም ረስተን ማምሸት ለምደናል። ብር ሲመጣ ግን ነገሩ ይለያል። አንድ ጓደኛዬ ፒያሳ ካለ ሱቅ መሰል ቢሮ በየቀኑ ብር ተሸክሞ ባንክ ያስገባ ነበር። ያለ ፊርማ ይቀበላል፣ ያለ ፊርማ ያስረክባል። የስንብቱ ቀን ሲደርስ «4,200 ብር ጎድሏል» ተባለ፣ የመጨረሻ ወር ክፍያውንም በዚያው አስቀሩበት። ወስዶ ይሁን አይሁን የሚናገር አንድ ወረቀት አልነበረም። አምስት ብርም ብትሆን ስትቀበሉ ፈርሙ፣ ስትሰጡ አስፈርሙ። ቤተሰብ ከሆነ አይከፋውም።

5. ሁሉን ነገር ግሩፑ ላይ መተው

ከግሩፕ ስትወጡ የአምስት ወር ትእዛዝ፣ ሰዓት፣ ምስጋና አብሮ ይሄዳል። በየሳምንቱ ስክሪንሹት አንሱ። የእናንተን ሥራ የሚያሳየውን ብቻ፣ የደንበኛ ምስጢር አይደለም።

6. አፍሮ መውጣት

በዚያ ቀን ቦርሳዬን አንስቼ ስወጣ ቡና የሚያፈሉት እማማ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ ወረቀትህን ሳትይዝ ነው የምትወጣው?» አሉኝ። ከእኔ በፊት ስንቱን ሸኝተዋል መሰለኝ። «ግድ የለም እማማ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» አልኳቸው። እንባዬ መጥቶ ስለነበር ቶሎ መውረድ ነው የፈለግኩት።

እዚያው ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው። ተሰናብተሃል የሚል ጽሑፍና የሥራ ልምድ ደብዳቤ መጠየቅ። ሥራው ሲቋረጥ ሠራተኛው ከጠየቀ የሥራውን ዓይነት፣ የቆየበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ መስጠት ግዴታ ነው፣ ቀሪ ክፍያም በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈላል። አንዳንዱ ደግሞ ብሩን ዘርግቶ «እዚህ ጋ ፈርም» ይላል። ወረቀቱ ላይ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ካለ አትፈርሙ፣ የወር ክፍያችሁን ቢይዝባችሁም።

ቤት ገብቼ ለእናቴ አልነገርኳትም። «ልጄ ሥራ ያዘ» ብላ ለዕድሩ ሁሉ አውርታለች። ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ጠዋት ጠዋት ሸሚዝ ለብሼ እየወጣሁ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ገብቼ ቁጭ እል ነበር። ሌላ ጊዜ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቼ ማስታወቂያ አነባለሁ። ደብዳቤውን ያመጣሁት መስከረም ላይ፣ አራት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ነው።

7. «ጊዜ ሲኖረኝ አስብበታለሁ»

ወደ ሥራ መመለስ የሚል ጥያቄ ከተሰናበታችሁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለም። ፍርድ ቤቱም ሩቅ አልነበረም። እኔ አላወቅኩም ነበር። ጎረቤታችን የሆነ ጠበቃ የነገረኝ የካቲት ላይ ሲሆን እሱም እየሳቀ «አልፎሃል» ነበር ያለኝ።

ቢሆንም ልየው ብሎ በእጄ ያለውን ወረቀት ጠየቀኝ። ያለኝ ያቺ ደብዳቤ ብቻ ነበረች። ማህተሟ ደብዝዟል፣ የአያቴ ስም ተሳስቷል። «በድርጅታችን ለሦስት ወር ተለማምዷል» ትላለች። የሠራሁት አምስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ነው።