የቆየ የካምፕ ቫን ዝገት ከመጋጠሚያው ይጀምራል

በአሜሪካ ቫናገን እየተባለ የሚጠራውን ቮልስዋገን ቲ3ን የመሰለ የቆየ የካምፕ ቫን ያለው ሰው ዝገትን ሲፈልግ በቅድሚያ የላሜራዎቹን መጋጠሚያ መስመሮች ቢመረምር ይሻላል። በመጋጠሚያው የተሞላው ማሸጊያ በዕድሜ ብዛት ደርቆ ሲሰነጠቅ ውኃ ይሰርጋል፤ ላሜራው ከሥር እየተበላ ቀለሙ ገና ደህና ይመስላል፣ ዳሩ ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ቡናማ መስመር ይታያል። ይህን መስመር በቀለም ብቻ መሸፈን ገንዘብ ማባከን ነው። የላላውን ማሸጊያ ፍቆ ማውጣት፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ማጽዳት፣ ብረቱ በሚገባ ከደረቀ በኋላም ኤፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት በባዶ ብረት ላይ የሚቀባ መከላከያ) ቀብቶ ለመኪና አካል በተሠራ ማሸጊያ መሙላት ያስፈልጋል። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን ግን ወደ መጋጠሚያው መቅረብ የለበትም፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ብረቱን ያዝገዋል፣ ቀለምም አይይዝለትም። ላሜራው በካቻቪቴ ጫፍ ሲነካ የሚበሳ ከሆነ ደግሞ፣ ባለጋራዡ ምንም ቢል፣ ስቱኮ አያዋጣም፤ የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት።

ለመከላከል ያህል፣ በበሮቹ ሥር ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በየጊዜው ማጽዳት፣ ጥገናው ሲያልቅ በባዶ ክፍተቶች ውስጥ ፀረ-ዝገት ሰም መርጨት፣ በበረዶ ወራት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገርም የመኪናውን ሥር አዘውትሮ ማጠብ ይጠቅማል። በካምፕ ቫን ውስጥ ስለሚበሰልና ስለሚታደር፣ እንፋሎቱ ከግድግዳው ልባስ ጀርባ በቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውኃ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ በብርድም ቢሆን መስኮት ገርበብ አድርጎ መተኛት ይመረጣል።