ከጅማ ወጥታችሁ «ክራውን ያስፈልጋል» ስትባሉ

ጅማ ላይ መንጋጋ ሲያም መፍትሔው አጭር ነው፤ «ይነቀልልኝ» ይባላል፣ ይነቀላል። አዲሱ አገር ላይ ግን ሐኪሙ ራጅ አንስቶ «አይነቀልም፣ ክራውን ይሠራለት» ይላል፣ ከዚያ የዋጋ ወረቀት ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የወር ኪራይ ስለሚያህል አንዱ «ሊያታልሉኝ ነው» ብሎ ይወጣና ጥርሱ ለሁለት ሲሰነጠቅ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ግማሹን አሠርቶ፣ ጊዜያዊውን ሽፋን እንዳጠለቀ፣ ለእረፍት አገር ቤት ይሳፈራል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይሻልም። ክራውን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀጠሮ ያለው አንድ ሥራ ነው፤ በመሀሉ አገር አይቀየርም።

ክራውን ጥርስ አይደለም፣ ቆብ ነው። የራሳችሁ ጥርስ ዙሪያውንና ከላይ ተሞርዶ ያንሳል፣ በልኩ የተሠራው ሽፋን ተጠልቆ በማጣበቂያ ይያዛል። ስሩ የራሳችሁ ነው፣ ድዱም የራሳችሁ ነው። ስለዚህ ቆቡ ራሱ ባይበሰብስም ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ በኩል ከሥሩ ያለው ጥርስ ይበሰብሳል። ብዙ ክራውን የሚበላሸው በዚያች መስመር ላይ ነው።

በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ? ስር የታከመ (ሩት ካናል የተሠራለት) መንጋጋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ስሩ ሲታከም ጥርሱ ከውስጥ ይቦረቦራል፣ ቀሪው ግድግዳ ይሳሳል፣ አንድ ቀን ቆሎ ወይም ምስር ውስጥ ያመለጠች ጠጠር ትሰነጥቀዋለች። ስንጥቁ ወደ ስር ከወረደ የሚያድነው የለም፣ ይነቀላል። ሙሌቱ ከጥርሱ ሲበልጥ፣ ጫፉ ሲሰበር፣ ስትነክሱና ስትለቁ እንደ መርፌ ሲወጋ፣ ወይም ጥርስ በማፋጨት ሲያልቅም ክራውን ይመከራል። በሌላ በኩል፣ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ያለው ጥርስ ሙሌት ይበቃዋል። ስሩ የታከመ የፊት ጥርስም ብዙ አካሉ ካልጠፋ ሁልጊዜ ክራውን አይፈልግም። ጥርጣሬ ካላችሁ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ከድዱ በላይ ዙሪያውን ስንት ሚሊሜትር ጤናማ ጥርስ ቀርቷል?» ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ያህል ከሌለ ክራውኑ የሚጨብጠው አያገኝም፤ እንዲህ ባለው ጥርስ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ነውር አይደለም። የራጁን ቅጂ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ገና ጅማ ላላችሁ፦ ጉዞው ወር የማይሞላ ከሆነ ክራውን አታስጀምሩ። ጥርሱ ከታመመ ግን ስሩን አስታክማችሁ፣ ነጩን ጊዜያዊ ሙሌት ሳይሆን ቋሚውን አስሞልታችሁ ተሳፈሩ። ጊዜያዊው የሚቆየው ለሳምንታት ነው፤ ሲሸራረፍ ምራቅ ወደ ታከመው ስር ይገባና ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ስር ሕክምናው ያልተጨረሰ ጥርስ ደግሞ አውሮፕላን ላይ የአየር ግፊት ሲቀየር ሊጠዘጥዝ ይችላል። ከፍ ያሉትን ጫፎች ትንሽ ዝቅ እንዲያደርጓቸውም ንገሩ፣ ክራውኑ እስኪደርስ ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል። ራጁን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የትኛው ጥርስ መቼ እንደታከመ በወረቀት አጽፉ። እዚያ ስትደርሱ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ስለ ማቴሪያል ብዙ አትጨነቁ፣ ግን ስሙን እወቁ። ዚርኮኒያ ነጭና በጣም ጠንካራ ነው፣ ለኋላ መንጋጋ ይመቻል። ሊቲየም ዳይሲሊኬት የሚባለው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ለፊት ጥርስ ያምራል። ብረት ላይ ሸክላ የተለበጠበት ዘመን የተሻገረ አማራጭ ነው፤ ጉድለቱ ሸክላው ሊላጥ መቻሉና ድድ ሲሸሽ ጠርዙ ላይ ግራጫ መስመር መታየቱ ነው። የአባቶቻችን ወርቅ ጥርስ አሁን ቢሳቅበትም በሥራ ረገድ ለመንጋጋ ከምርጦቹ አንዱ ነው፣ ጥርሱም ብዙ አይሞረድለትም። ርካሽ ብረት ውስጥ ኒኬል ስለሚኖር የጆሮ ጌጥ ወይም የሰዓት ማሰሪያ የሚያሳክካችሁ ሰዎች አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ማደንዘዣ ይወጋል። ጥርሱ በጣም ከተጎዳ መጀመሪያ በሙሌት ይገነባል፣ ከዚያ ይሞረዳል፤ እንደ ማቴሪያሉ ከላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ይነሳለታል። ይህ የማይመለስ ነገር ነው፤ የተሞረደ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ሽፋን ይፈልጋል። ጠርዙ በግልጽ እንዲታይ በድዱና በጥርሱ መካከል ቀጭን ክር ይጠቀጠቃል፣ ልኩም በሚለጠጥ ሊጥ መሳይ ነገር ወይም በካሜራ ይወሰዳል። ቀለም የሚመረጠው ጥርሱ ሳይደርቅ፣ ገና ስትቀመጡ ነው፤ አፍ ለብዙ ደቂቃ ተከፍቶ ሲቆይ ጥርስ ይነጣና የተመረጠው ቀለም ኋላ ይሳሳታል። ሊፒስቲክ ካለ ይጠረግ። ጥርስ ማስነጣት የምትፈልጉ ከሆነ ከክራውኑ በፊት ነው፤ ክራውን አይነጣም።

ከዚያ ጊዜያዊ የፕላስቲክ ክራውን በደካማ ማጣበቂያ ይለጠፍና ትሸኛላችሁ። ድንዛዜው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። እስኪለቅ አትብሉ፤ ቡናውንም ጠብቁት፣ አለዚያ አቦል ቶና በረካውን ጠጥታችሁ ከንፈራችሁ መቃጠሉን የምታውቁት ማታ ነው። ቋሚው ከላቦራቶሪ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ እዚያው በማሽን ቀርጸው በአንድ ቀን የሚጨርሱ ክሊኒኮችም አሉ። በዚህ መሀል ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ ቆሎና የዶሮ አጥንት በዚያ ጎን አይታኘኩም። የጥርስ ክር ስትጠቀሙ ወደ ላይ አትሳቡት፣ በጎን አሾልካችሁ አውጡት።

ጊዜያዊው ከወለቀ አትደንግጡ፣ ግን «ሁለት ሳምንት ነው፣ ይቆይ» አትበሉ። የተሞረደው ጥርስ ባዶውን ሲቀር ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፣ ተቃራኒውም ይረዝማል፤ ተሠርቶ የመጣው ክራውን ያኔ አይገባም። አጥባችሁ፣ ውስጡ ትንሽ ቫዝሊን ወይም ከፋርማሲ የሚገዛ ጊዜያዊ የጥርስ ማጣበቂያ አድርጋችሁ መልሱትና ክሊኒኩን በነጋታው ደውሉ። ስትተኙ ከላላ አውጡት፣ እንዳትውጡት። ሱፐር ግሉ የሚባለው ነገር አፍ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው ቀጠሮ አጭር ነው፣ ወሳኙም እሱ ነው። ጊዜያዊው ይነሳል፣ ቋሚው ሳይጣበቅ ይሞከራል። መስታወት ጠይቁ፣ ከመስኮት ብርሃን በኩል ቀለሙን እዩ፤ ከተጣበቀ በኋላ «አልወደድኩትም» ማለት ክራውኑን መስበር ማለት ነው። ከዚያ ሐኪሙ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀጭን ወረቀት በጥርሶቻችሁ መካከል ያስገባና «ንከሱ፣ አፋጩ» ይላል። ወረቀቱ ክራውኑ ላይ ነጥብ ይተዋል፤ አንዷ ነጥብ ከሌሎቹ ጎልታ ከታየች እዚያ ላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው፣ በትንሹ ይሞረዳል፣ እንደገና ይነከሳል። እዚህ ላይ የኛ ሰው ይሉኝታ ዋጋ ያስከፍላል። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ከሞረደ በኋላ «አሁንስ?» ሲል፣ ገና እንደቆረቆረው «ደህና ነው፣ ይሁን፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይነሳል። የፀጉር ስፋት የምታህል ከፍታ በሳምንት ውስጥ ጥርሱን ታሳምማለች፣ ሸክላውንም ትሰነጥቃለች። አራተኛና አምስተኛ ጊዜ ማስሞረድ ድፍረት አይደለም። በእንግሊዝኛ «ሃይ» (high፣ ከፍ ብሏል) የምትለው አንዲት ቃል ትበቃችኋለች። ማደንዘዣ ተወግታችሁ ከነበረ ከድንዛዜው በኋላ ደግማችሁ ፈትሹ፤ ከተሰማችሁ ተመለሱ፣ ማስተካከሉ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት የጥርስ ክር በሁለቱም ጎን እንዲያሳልፉ ጠይቁ። ክሩ ጠበቅ ብሎ «ጠቅ» እያለ ማለፍ አለበት። ሳይነካ ካለፈ ክፍተት አለ፣ ሥጋና እንጀራ ይሰገሰጋል። እየተበጣጠሰ ከወጣ ትርፍ ማጣበቂያ ቀርቷል፣ ድዱን ያቆስላል። ለአንድ ቀን ጠንካራና የሚጣበቅ ነገር በዚያ በኩል አይበላም።

ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ሲነካው ለሰከንድ ቢነዝር እንግዳ ነገር አይደለም፣ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይቀንሳል። ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ትኩስ ሲነካው የሚጠዘጥዝና ለደቂቃዎች የማይለቅ ሕመም ግን ነርቩ እየሞተ መሆኑን ይናገራል፣ ስር ሕክምናም ሊያስፈልገው ይችላል። «ይነዝረኛል» እና «ይጠዘጥዘኛል» በኛ ቋንቋ ሁለት ነገር ናቸው፤ አስተርጓሚው ሁለቱንም «ያመዋል» ብሎ ካለፋቸው ሐኪሙ ዋናውን ምልክት ያጣል። ስንት ሰከንድ፣ በምን፣ ቀን ወይስ ሌሊት የሚለውን ለይታችሁ ንገሩት። ከአገር ቤት የመጣ አሞክሳሲሊን ለዚህ አይረዳም። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ገንዘቡ እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ኢንሹራንስ አንድ ክራውን በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ይደርሳል፣ የጥርሱ ግንባታና ስር ሕክምናው ለብቻ ይታሰባሉ። ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የክራውኑን ግማሽ ብቻ ይከፍላል፣ የዓመቱ ጣሪያም ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው፤ ለአዲስ ተመዝጋቢ ከ6 እስከ 12 ወር መጠበቂያ ሊኖረው ይችላል። ክሊኒኩ ሥራውን ሳይጀምር ለኢንሹራንሱ ቅድመ ግምት እንዲልክ ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ ዲ2740 (D2740) የሚል ኮድ ካያችሁ ሙሉ ሸክላ ክራውን ነው፤ ዲ2950 ግንባታው ነው፤ ዲ3330 የመንጋጋ ስር ሕክምና ነው። ስር ሕክምናውን ዲሴምበር፣ ክራውኑን ጃንዋሪ አድርጎ የሁለት ዓመት ጣሪያ መጠቀም የተለመደ ዘዴ ነው፤ ኢንሹራንሱ የሚቆጥረው የተሞረደበትን ቀን ይሁን የተጣበቀበትን ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ። የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ቀጠሮአቸው ረጅም ቢሆንም ዋጋቸው ዝቅ ይላል።

እንግሊዝ ውስጥ በኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎት) ክራውን ባንድ 3 በሚባለው የዋጋ ደረጃ ነው፤ ዋጋው በኤፕሪል 2025 326 ፓውንድ ከ70 ፔኒ ነበር፣ በዚያው የሕክምና ዙር ያለውን ስር ሕክምናም ይጨምራል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የኤችሲ2 ምስክር ወረቀት ነፃ ያደርጋችኋል። ካናዳ ውስጥ የፌዴራሉ የጥርስ ፕላን ኢንሹራንስ ለሌላቸውና የቤተሰብ ገቢያቸው ከ90,000 ዶላር በታች ለሆነ ነው፣ ግብር ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ለክራውንም ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል። ጀርመን የመድን ድርጅቱ ከመደበኛው ሕክምና 60 በመቶውን ይደጉማል፤ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦኑስሄፍት የሚባለውን ደብተር ያስሞላ ሰው ከ5 ዓመት በኋላ 70፣ ከ10 ዓመት በኋላ 75 በመቶ ያገኛል። ደብተሩን በደረሳችሁበት ዓመት አስጀምሩ። አረብ አገር ያላችሁ የኢንሹራንስ ካርዳችሁ ጥርስን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ዋጋውን አይታችሁ «ጅማ ስሄድ አሠራዋለሁ» ካላችሁ ሐሳቡ ስህተት አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የጥርስ ሐኪሞችን ያሰለጥናል። ሒሳቡ የቀን ነው። ከሞረዳ እስከ ማጣበቅ ያለውን ቁጠሩ፣ ከተጣበቀ በኋላ ንክሻው ለሚስተካከልበት ቢያንስ አንድ ሳምንት ጨምሩ። ላቦራቶሪው እዚያው ከተማ ነው ወይስ ሥራው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል? ይህን ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ስር ሕክምና ካለበት የሦስት ሳምንት እረፍት አይበቃም። በደረሳችሁ በነጋታው ሂዱ፣ ሰርጉና ጥየቃው ኋላ ይደርሳል። ረመዳን ላይ ከሆነ፣ ሕመም ከሌለ፣ ከጾሙ በኋላ ቀጠሩት፤ ሥራው ውኃ በውኃ ነው። በጊዜያዊ ክራውን ጫት መቃም ደግሞ አይመከርም፤ ቅጠሉ ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ተይዞ ጠርዙ ውስጥ ይሸጎጣል፣ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳ ስኳሩን እዚያው ይተዋል።

ተጣብቆ የቆየ ክራውን ከወለቀም አትጣሉት። ታጥቦ ውስጡ ሲታይ ማጣበቂያ ብቻ ካለበት ብዙ ጊዜ መልሶ ይለጠፋል። የተሰበረ የጥርስ ቁራጭ ይዞ ከወጣ፣ ወይም ውስጡ ቡናማና ለስላሳ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው ጥርስ ስለተጎዳ አዲስ ራጅ ይነሳ፤ ሳይታይ እንዲለጥፉላችሁ አትለምኑ።