31 ዚፕ በአንዴ መፍታት
የሰርግ አልበም እሠራለሁ። ባለፈው የአንድ ደንበኛ ፎቶዎችን ከጉግል ድራይቭ ሳወርድ 31 ዚፕ (የታመቁ ፋይሎች) ሆነው መጡ። ድራይቭ ትልቅ ፎልደርን ከፋፍሎ ነው የሚያወርደው። አንድ በአንድ ስፈታ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

አሁን 7-ዚፕ የሚባል ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ነፃ ነው፤ ራር የሚባለውን ሌላ ዓይነት የታመቀ ፋይልም ይፈታል። ዚፖቹን አንድ ቦታ ሰብስቡ፣ በኮንትሮልና ኤ ሁሉንም ምረጡ፣ ራይት ክሊክ አድርጉ። ዊንዶውስ 11 ላይ 7-ዚፕ ካልታያችሁ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» በሉ። ከዚያ 7-ዚፕ ውስጥ ገብታችሁ «ኤክስትራክት ሂር» በሉ። ለድራይቭ ዚፕ የሚሻለው ይሄ ነው፤ የተከፋፈለው ፎልደር መልሶ ይገጥማል።

የተለያዩ ደንበኞች ዚፕ ከሆነ ግን ባለኮከብ ምልክቷን (*) «ኤክስትራክት ቱ» ምረጡ። ለእያንዳንዱ የራሱን ፎልደር ይከፍታል። አለዚያ የአንዷ ሙሽራ ፎቶ ከሌላዋ ጋር ይደባለቃል። ደርሶብኛል፣ አይጣል ነው!

ዲስካችሁ ላይ በቂ ቦታ መኖሩንም ቀድማችሁ እዩ። ፎቶ ዚፕ ሲደረግ ብዙም አይቀንስም፤ ዚፖቹ 40 ጊጋ ከሆኑ ሌላ 40 ጊጋ ያዙ።