አሮጌ የስፖርት መኪና በደሴና በኮምቦልቻ ሲገዙና ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ብሩ ባንክ ተቀምጦ ከሚሟሟ ብረት ይሁን» የሚለውን አነጋገር በደሴ ፒያሳ ካፌዎችም ሆነ በኮምቦልቻ ጋራዦች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እንዲህ የሚለውን ሰው መውቀስ አይቻልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። ሁለቱ ነገሮች ተደማምረው እንኳን ቪትዝና ኮሮላ ይቅርና አቧራ ለብሳ ግቢ ውስጥ የቆመች ባለ ሁለት በር የቶዮታ ስፖርት መኪና ሴሊካም «ሀብት» ተብላ እንድትጠራ አድርገዋል። እኔም በዚሁ ስሌት አንዲት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ2000 ሞዴል ሴሊካ ገዝቼ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሸጫለሁ። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች መካከል ገሚሱን የሠራሁት ራሴ ነኝ።

መኪናውን እንደ ቁጠባ ደብተር መቁጠር

ቁጠባ የሚባለው ነገር በፈለጉት ቀን ወደ ብር ሊመለስ ሲችል ነው። ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ያለው ሰው ሰኞ ለደላላ ቢናገር ቅዳሜ ገዢ ሊያገኝ ይችላል፤ የስፖርት መኪና ያለው ሰው ግን የሚጠብቀው አንድ የተለየ ገዢ ነው። ይህ ገዢ ሁለት በር የሚበቃው፣ ከመሬት ዝቅ ማለቷን የማይፈራ፣ አማቱን ከኋላ ወንበር አጣጥፎ ማስገባት የማይጠበቅበት ሰው መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ሰው ደሴ ውስጥ ስንት ነው? ስለዚህ ገዢው ከመግዛቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «ዋጋዋ ወደፊት ይጨምራል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ብር ቢቸግረኝ ማን ይገዛልኛል?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው የስሌት ጉድለት ከመለዋወጫ ጋር የተያያዘ ነው። የመኪናዋ ዋጋ አንድ ጊዜ በብር ይከፈላል፤ መለዋወጫዋ ግን የሚመጣው ከውጭ በመሆኑ በብር ብንገዛውም ዋጋው ዶላርን ተከትሎ እየወጣ ይሄዳል። የብር መዳከምን ሸሽቶ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው፣ የፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን በገዛ ቁጥር ያንኑ የሸሸውን ነገር ጋራዥ ውስጥ ያገኘዋል። እኔ እጄ ላይ የነበረውን ብር እስከ መጨረሻው ሳንቲም ከፍዬ ስለገዛኋት፣ የመጀመሪያው ጥገና ሲመጣ ተበድሬ ነው ያሠራኋት። ከዋጋው ውጭ ቢያንስ ለአንድ ትልቅ ጥገና የሚበቃ ገንዘብ የሌለው ሰው ባይገባበት ይሻላል።

ዘመድ የሌላትን ሞዴል መምረጥ

መልኳን ብቻ አይቶ መግዛት የተለመደ ነው። ሊታይ የሚገባው ግን ሞተሯ ከየትኛው ተራ መኪና ጋር እንደሚዛመድ ነው። ከ1999 እስከ 2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመረተችው የመጨረሻዋ ሴሊካ መደበኛ ሞተር «ዋን ዜድ ዜድ» የሚባለው ባለ 1.8 ሊትር ሲሆን፣ ይኸው ሞተር በዚያው ዘመን በተመረቱ አንዳንድ ኮሮላዎች ላይም ስላለ ካንዴላው፣ ፊልትሮውና የውሃ ፖምፓው አያስጨንቅም። የጎን መስታወቷና የፊት መብራቷ ግን ከማንም ጋር አይዛመዱም፤ አንዱ ቢሰበር ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል። ማዝዳ አር ኤክስ 8 ከዚህ በተቃራኒ ፒስተን የሌለው፣ በባሕርዩ ዘይት የሚበላ «ሮታሪ» የሚባል ሞተር ስላላት እዚህ የሚፈታታት መካኒክ ማግኘት ይከብዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1990ዎቹ ቢ ኤም ደብሊውዎች መልካም መኪኖች ናቸው፤ ነገር ግን የሞተር ማቀዝቀዣቸው ፕላስቲክ ክፍሎች ሲያረጁ ሳያስጠነቅቁ ይሰነጠቃሉ።

መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ስታጋጥም ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ ብርሃን ማየት ግድ ነው። ላሜራው ተቆርጦ የተበየደበት፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለበት ሥራ ከታየ፣ እኔ ብሆን ዋጋ ሳልጠይቅ እመለሳለሁ።

በሞቀ ሞተርና በሜዳ መንገድ መሞከር

ዋናው የእኔ ስህተት ይህ ነበር። መኪናዋን ያየኋት ኮምቦልቻ ላይ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ሻጩ እስከዚያ ሲነዳት ስለቆየ ሞተሯ ሞቋል፤ እኔም በሜዳው መንገድ ወዲያና ወዲህ አድርጌ፣ ድምጿን አድንቄ ቀብድ ከፈልኩ። ደላላው «አብሽር፣ እንኳን ደሴ አዲስ አበባም ደርሳ ትመለሳለች» አለኝ። ርክክቡ አልቆ ወደ ደሴ ስመለስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት በመውጣት ላይ ሳለሁ ከኋላዬ የሚከተለኝ ጓደኛዬ ደወለና «ዳር ያዝ፣ በሰማያዊ ጭስ አፈንከን እኮ» አለኝ። በማግስቱ የዘይት መለኪያውን ስስበው ጫፉ ብቻ ነበር የረጠበው። የዚህ ሞተር የመጀመሪያ ዓመታት ምርቶች በፒስተን ቀለበታቸው ዘይት እንደሚያሳልፉ መካኒኮች የሚያውቁት ጉዳይ ኖሯል፤ እኔ አልጠየቅኩም።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ ማንም ጋራዥ የሌለው መፈተሻ ነውና፣ በነጻ የተሰጠንን መሣሪያ አለመጠቀም ያስቆጫል። ሙከራው ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ይጀመራል፤ ሻጩ ቀድሞ እንዳላሞቀው ለማወቅ መዳፍን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ዳገቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሲወጡ የሙቀት መለኪያው ከመካከል አልፎ መውጣት የለበትም። ከኋላ የሚከተል ሰው ደግሞ ጭሱን ያያል። ዳገት ላይ ሳያቋርጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ብዙውን ጊዜ የቀለበት ችግር ነው፤ ነጭ ሆኖ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው ፀረ ሙቀት ፈሳሹ ወደ ሞተሩ እየገባ ነውና የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ወይም ማሸጊያ መጠርጠር አለበት። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ ወርደው ታች ሲደርሱ ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ አንድ ጊዜ ቡፍ የሚል ሰማያዊ ጭስ ከታየ ዘይቱ የሚያልፈው በቫልቭ ጎማዎቹ በኩል ነው፤ ይህኛው ከቀለበት ይልቅ በርካሽ ይጠገናል። በዚያው ቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኮቹ ጠመዋል ማለት ነው።

ደሴ ሲደርሱ ሞተሩን ሳያጠፉ አሥር ደቂቃ ያቁሙት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ራዲያተሩን የሚጠብቀው በክዳኑ የታመቀው ግፊት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ጤነኛ ሞተርም ይፈላል። ብዙ ሰው ለጥቂት ብር ክዳን ብሎ ቴስታታ ሲያስወርድ አይቻለሁ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስህተትም አለ። ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በደሴ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አራተኛ የሚሆነውን ያጣል፤ ይህ የአየሩ መሳሳት እንጂ የመኪናዋ ሕመም አይደለም። ይህን ያላወቀ ገዢ ጤነኛዋን መኪና «ደከመች» ብሎ ይተዋታል፤ ይህን ያላወቀ ባለቤትም ሞተር ያስፈታል። ተርቦ ያላት መኪና ግን ከፍታው ያን ያህል ሊያዳክማት ስለማይገባ፣ እሷም እኩል ከለፈሰፈሰች ተርቦው መታየት አለበት።

ኪሎ ሜትርና ሞዴል ማመን

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ እንደሚቀነስ ሁሉም ስለሚያውቅ አላረዝምበትም። ከቁጥሩ ይልቅ የፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ እውነቱን ይናገራሉ። ዓመተ ምሕረትን በተመለከተ ደግሞ «የ2005 ናት» ሲባል በማን አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ ሰባትና ስምንት ዓመት ነው። ጎማ ላይ በመጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። 2315 የሚል ከተጻፈ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም እንዲህ ባለ ጎማ ሐረጎን በፍጥነት መውረድ አይገባም።

በውክልና ገዝቶ ስምን አለማዛወር

መኪና እንደ ሸቀጥ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት ጊዜ፣ የስም ዝውውር ወጪንና ምልልስን ለመሸሽ በውክልና ብቻ መግዛት ተለምዷል። በእኔ ግምት ከማንኛውም የሞተር ብልሽት የከፋው ይህ ነው። ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ቀሪ ስለሚሆን፣ ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሳለ ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይቆማል። ሦስተኛና አራተኛ ገዢ ሆኖ የሚመጣው ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ባለ ሊብሬ ፊቱን እንኳ አያውቀውም።

ሻጩም ከዚህ አያተርፍም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው፤ ስለዚህ ሊብሬው ላይ ስሙ የቀረ ሰው በፈጣን መኪና ለደረሰ አደጋ፣ ያውም ማን እንደነዳት ሳያውቅ፣ ሊከሰስ ይችላል። ሽያጩ በውልና ማስረጃ ፊት መፈረም፣ ከዚያም ስሙ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ መዛወር አለበት።

ከመፈረም በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይን ማስተያየት፣ ዕዳና እግድ መኖሩን፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣትን፣ ቦሎንና የሦስተኛ ወገን መድንን ማጣራት ያስፈልጋል። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ፣ ካላገባ ያለማግባት ማስረጃ ይጠየቃል። ያለ ቀረጥ የገባች መኪና ቀረጧ ሳይከፈል እንደማትዛወርም መታወቅ አለበት። «ሊብሬው በ2014ቱ ጦርነት ጠፋ» የሚል ማብራሪያ በእኛ አካባቢ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ደሴና ኮምቦልቻ በዚያ ዓመት ያዩትን ያየ ሰው አይጠራጠርም። ሆኖም ምትኩን ማውጣት ያለበት ሻጩ ነው፤ ጊዜውም ከሽያጩ በፊት እንጂ «ቀስ ብለን እናወጣዋለን» ተብሎ ከቀብዱ በኋላ አይደለም።

በዶላር ወሬ ዋጋ መቁረጥ

ወደ ሻጩ ወገን ስንመጣ፣ እኔ ለመሸጥ ከወሰንኩ በኋላ የትይዩ ገበያውን ወሬ እየተከተልኩ ዋጋዬን ሦስት ጊዜ ጨመርኩ። ከሦስተኛው በኋላ ደላሎቹ መደወል አቆሙ። ዋጋ ይጨምራል በሚል መኪናዋን ባቆምኳት አራት ወራት ባትሪው ሞተ፣ አይጥ የመብራት ገመድ በላ፣ ቦሎውም አለፈበት። ዋጋ የሚቆረጠው በቅርቡ በእርግጥ ከተሸጡ ተመሳሳይ መኪኖች ተነሥቶ ነው፤ የሚወዳደር ከሌለ ደግሞ የዚያው ዘመን ኮሮላ ምን ያህል እንደወጣ አይቶ ከዚያ ብዙ አለመራቅ ነው። በገንዘቡ ምን እንደሚገዙ ሳይወስኑ መሸጥም ስህተት ነው፤ የተሸጠው ብር ሌላ መኪና ሲፈለግበት ወራት ከቆየ የተገኘው ትርፍ ይቀልጣል።

ለሽያጭ ብሎ ቀለም ማስቀባትን አልመክርም። አዲስ ቀለም ያየ ገዢ ሥሩ ስቱኮ መኖሩን ይጠረጥራል፤ ጭረቷ የሚታይ መኪና የበለጠ ትታመናለች። ክፍያን በተመለከተ የሞባይል መልእክት ወይም የደረሰኝ ፎቶ ብቻ አይቶ ቁልፍ መስጠት አይገባም፤ ገንዘቡ መግባቱ በራስ ሒሳብ ላይ ይታይ።

የዘይቱን ነገር ልደብቀው አስቤ ነበር። ወፍራም ዘይት ቢጨመርበት ለአንድ ቀን ጭሱ እንደሚቀንስ የነገረኝም ነበር። ገዢው ግን ጎልማሳ መካኒክ ይዞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በሬ ላይ ደረሰ። መካኒኩ ሰላምታ ሰጥቶኝ ሲያበቃ ያለ አንዳች ንግግር መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያም «ጨርቅ አለህ ወንድሜ?» አለኝ። ጨርቁን ሳቀብለው ከመኪናዋ የኋላ ሻንጣ ውስጥ በየሳምንቱ የምጨምርበትን የዘይት ጀሪካን አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ጀሪካኑን አነሣና አወዛወዘው፤ ከዚያ ለገዢው በጣቱ የሚቀነሰውን አሳየው። ተከራክረን በመሃል ተስማማንና ከቀኑ 4 ሰዓት ላይ ውልና ማስረጃ ወረፋ ያዝን።